እንግዳ ነህ ወይስ ገዢ?

ባሕር የሌለው አገር ሰው ስለ ባሕር ዳርቻ ሲያወራ መስማት አንዳንዴ ያስቃል። ምጽዋና ዳህላክ ከ1985 ዓ.ም ጀምሮ የሌላ አገር ናቸው። ወጣቶቻችን ግን ስለ ነጭ አሸዋ፣ ስለ ኮኮናት ዛፍና ስለ ኮራል ሲያወሩ ብትሰሟቸው አሰብ ላይ ተወልደው ያደጉ ይመስሏችኋል። ስልካቸውን ከፈት ያደርጉና «ተመልከት እስቲ፣ ይሄ ታይላንድ ነው፤ ይሄ ደግሞ ዛንዚባር» ይሏችኋል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጀርባው ላይ ራሱን የሚያክል ቦርሳ አዝሏል፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሯል፣ አጠገቡ ማንም የለም።

እኔን የሚቆረቁረኝ ይሄ «ማንም የለም» የሚለው ነገር ነው። የዚያ አገር ዓሣ አጥማጅ የት ሄደ? መረቡን የት አስጥተውት ነው? ወይስ ፎቶው እንዲያምር «እስቲ አንዴ ዞር በሉልን» ተብለው ነው?

እ.ኤ.አ. በ2000 «ዘ ቢች» የሚባል ፊልም ወጥቶ ነበር። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ቦርሳውን አዝሎ፣ ቱሪስት ያልረገጠው የባሕር ዳርቻ ፍለጋ የሚንከራተት ወጣት ሆኖ ይሠራበታል። የተቀረጸው ታይላንድ ውስጥ ማያ ቤይ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? ያልተረገጠውን ቦታ ለመርገጥ ዓለም ሁሉ ተሰለፈ። በቀን እስከ አምስት ሺህ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ጀልባው መልሕቁን ሲጥል፣ ሰዉ ሲረግጥ፣ ባሕሩ ሥር ያለው ኮራል ደቀቀ። በ2018 የአገሩ መንግሥት ቦታውን ዘጋው። የተከፈተው በ2022 መጀመሪያ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ጀልባ በፊት ለፊት አይገባም፣ የጎብኚው ቁጥር ተወስኗል፣ በየዓመቱም ለተወሰነ ጊዜ እየተዘጋ እንዲያርፍ ይደረጋል።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ ብቻ አይደለም። በጣም ትናንሽ እንስሳት ከሰውነታቸው ኖራ እያወጡ፣ የዛሬው ትውልድ በትናንቱ አጽም ላይ እየሠራ፣ ስንትና ስንት ዘመን የፈጀ መኖሪያ ነው። ዋናተኛው «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ሲቆምበት የቆመው የነዋሪ ጣራ ላይ ነው። ያውም ነዋሪው ቤት ውስጥ እያለ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ ጌዴኦ ላወራችሁ ብዬ ነው።

ከአዲስ አበባ የሞያሌን መንገድ ይዛችሁ፣ ሐዋሳን አልፋችሁ፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ዲላ ትገባላችሁ። ከዲላ ወደ ወናጎ፣ ከወናጎ ወደ ይርጋ ጨፌ ስትቀጥሉ ግራ ቀኙ አረንጓዴ ነው። ዳገቱ አረንጓዴ፣ ቁልቁለቱ አረንጓዴ። መጀመሪያ የሄደ ሰው ሁሉ ከአፉ የሚወጣው ቃል አንድ ነው። «እንዴ! ጫካ!» ይላል። በዚህ ሰሞን ቅዳሜና እሑድን ጠብቀው፣ ሚኒባስ ተከራይተው፣ ቦርሳ አዝለው አገር የሚያዩ የአዲስ አበባ ልጆች በዝተዋል። ደግ ነገር ነው። ባሕር ዳርቻው ቢቀር ጫካው አለን ይላሉ።

ነገር ግን ጫካ አይደለም፤ እርሻ ነው። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ይሠራል። ከሥሩ እንሰቱ ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆማል። ከእንሰቱ መሀል ቡናው፣ ከቡናው ግርጌ ደግሞ ጎመኑና ሌላው የጓሮ አትክልት። እያንዳንዱን ዛፍ «ይቅር» ወይም «ይቆረጥ» ብሎ የወሰነበት ሰው አለ። እንሰቱ እስኪደርስ ዓመታት ይጠበቃል፤ ሲደርስ ሴቶቹ ይፍቁታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ያብላሉታል፣ ቆጮ ይሆናል። እናንተ ሰው የሌለበት የመሰላችሁ ጫካ ከአገራችን ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው። ጎጆው ከእንሰቱ ጀርባ ስለሆነ ነው ያላያችሁት። ሰውየውም እናንተን አይቷችኋል።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የተመዘገበው ዛፉ ብቻ አይደለም። የባሌ ሥርዓት፣ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሶንጎ፣ ዛፍ የማይቆረጥባቸው የተከበሩ ደኖችና እነ ቱቱ ፈላን የመሰሉ የትክል ድንጋይ ሥፍራዎች አብረው ነው የተመዘገቡት። ዓለም የመሰከረው እንግዲህ ሰው እየኖረበት ለቆየ አገር ነው። ሰው ወጥቶ ዛፉ ብቻ ቢቀር የተመዘገበው ነገር የለም ማለት ነው።

ታዲያ ቦርሳችንን አዝለን እዚያ ስንደርስ እኛ ምንድን ነን? እንግዳ ነን ወይስ ገዢ?

ድሮ መንገደኛ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይል ነበር። «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ ይገባል። እግሩ ይታጠባል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ይሁን እንጂ እንግድነት እንዲሁ የሚታለፍ አልነበረም። ከየት መጣህ ይባላል፤ ይናገራል። ያገሩን ወሬ ያወጋል። የቀረበለትን ይበላል እንጂ ጓዳ ገብቶ ድስት አይከፍትም። ጠዋት ሲነሳ ቤቱን መርቆ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቱ ነገ በተራው የሌላ ሰው ደጅ ላይ ይቆማል። እንግድነት የሚያምረው ተራ ስለነበረው ነው።

የዛሬው ጎብኚ ግን «ከፍያለሁ» የምትል ቃል ይዟል። ምኑን ነው የከፈለው? የአልጋውን ከፍሏል። የምግቡን ከፍሏል። ለአስጎብኚው ከፍሏል። ዓይኑ የጠገበበትን ያንን አረንጓዴ ግን ማንም አላስከፈለውም። ባለእርሻው ቤት መጥቶ «የዕይታ» ብሎ ደረሰኝ የቆረጠ የለም። ለይርጋ ጨፌ ቡና ስም እንኳን ባለቤት አለው ተብሎ ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር ስትከራከር ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስም ባለቤት ካለው መልክስ?

ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት እስቲ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የወናጎ ገበሬዎች ሚኒባስ ተከራይተው እናንተ ኮንዶሚኒየም ቢመጡ። ሳያንኳኩ ደረጃውን ወጥተው፣ በረንዳ ላይ የተሰጣውን ልብሳችሁን ፎቶ ቢያነሱ። ቢጫ ጀሪካን ይዛችሁ ውኃ ስትጠብቁ «ወይ ሲያምር! አኗኗራቸውን ሳይለቁ!» ቢባባሉ። ልጃችሁን አቁመው ፀጉሩን እየዳበሱ ከረሜላ ቢሰጡት። እኔ በበኩሌ ጥበቃ ነበር የምጠራው።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። አስፈቅደህ ፎቶ አንሳ፣ የሰው ጓሮ አትግባ፣ ቱቱ ፈላ ስትደርስ ከትክል ድንጋዮቹ ሥር መቃብር ስላለ አትቀመጥባቸው ብሎ መምከር ይቻላል። ጨዋ የሆነ ይሰማል። የሚከብደው ሌላ ነው። የሚከብደው ባለቤቱ ቤቱን መለወጥ ሲፈልግ ነው።

ከተሜው ጌዴኦ ሄዶ ሲመለስ የሚያሰማት አንዲት ቅሬታ አለች። «አገሩ ሸጋ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ቆርቆሮ አበላሸው» ይላል። የሣር ጎጆው ነበር የሚያምረው። ይህን የሚለው ሰው ራሱ ሴራሚክ የተነጠፈበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው። ሣር ቤት በየጊዜው እንደሚታደስ፣ ዝናብ እንደሚያስገባ፣ ጭሱ የእናትየውን ዓይን እንደሚያጠፋ አያውቅም ማለት አይደለም። ያውቃል። የሌላ ሰው ዓይን ስለሆነ ነው።

ሰሞኑን ይህን ለአንድ ወዳጄ ሳነሳበት ተቆጣኝ። «ታዲያ አንሂድ ነው የምትለው? ብራችንን ይዘን ብንቀር ገበሬው ምን ተጠቀመ?» አለ። እውነቱን ነው። የዩኔስኮ መዝገብ ላይ ስሙ ስለሰፈረ ለገበሬው ደመወዝ የሚቆርጥለት የለም። እንግዳ ባይሄድ ዲላ ላይ ቡና የምታፈላውም፣ ባጃጅ የሚነዳውም፣ የሚያስጎበኘውም ልጅ ይጎዳሉ። መሄዱን ማንም አልጠላም። ገዢ ሆኖ መሄዱን ነው። ገዢ ዕቃው ትናንት እንዳየው ሆኖ እንዲጠብቀው ይፈልጋል። እንግዳ ግን ሲሄድ ያየውን ቤት ሲመለስ ተለውጦ ቢያገኘው «እንኳን ደስ አላችሁ» ነው የሚለው።

ያ አገር ደግሞ ስለ እንግዳ ከእኛ የሚማረው ነገር ያለ አይመስለኝም። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። ከመሀላቸው በጣም ብዙው የተጠጋው ጌዴኦ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ ሞላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ፣ ከዘመድና ከጎረቤት ቤትም የገባው ብዙ ነው። ያችው ለራሷ ባለቤት የማትበቃ ጓሮ፣ ያው ስንት ዓመት የተጠበቀ እንሰት፣ ለመጣው ሁሉ ተካፈለ። በዚያ ክረምት ስለ መልክዓ ምድሩ ውበት የሚያወራ ቱሪስት አልነበረም።

አሁን ወደ ጫቱ ልምጣ። መሬቱ በየትውልዱ እየተከፋፈለ ጠቧል። ቡና የሚለቀመው በዓመት አንዴ ነው፤ ዋጋውም አንድ ዓመት ያስቃል፣ አንድ ዓመት ያስለቅሳል። ጫት ግን በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ብሩም ወዲያው እጅ ይገባል። ባህር ዛፍም እንዲሁ ገዢ አያጣም። ስለዚህ አንዳንዱ እንሰቱን ነቅሎ ይተክላል። ዛፉ ሲቀንስ በዚያ ዳገት ላይ አፈሩ በጎርፍ ይሄዳል፤ የሚጎዳው ደግሞ ነቃዩ ብቻ ሳይሆን ከታቹ ያለው ጎረቤቱም ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው «ተዉት፣ አትንቀሉት» ቢል እውነት አለው። ጥያቄው ማን ይበለው ነው። ሶንጎ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ቢሉት አንድ ነገር ነው፤ አብረው ይራባሉ፣ አብረው ይጠግባሉ። ቅዳሜ መጥቶ እሑድ የሚመለስ ሰው ሲለው ግን የሚጠብቀው የገበሬውን አፈር ነው ወይስ የራሱን ፎቶ?

ይርጋ ጨፌ አካባቢ መንገድ ያሳየኝ ልጅ ሀያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። የአባቱ ጓሮ አጠገብ ስንደርስ ቆመ። አባትየው እንሰቱ መሀል ጎንበስ ብለው ይሠሩ ነበር፤ ቀና ብለው በጌዴኡፋ አንድ ነገር ጠየቁት። «ምን አሉ?» አልኩት። «ከየት ነው የመጡት፣ እዚያስ ምን ይበቅላል ነው ያሉት» አለ። አዲስ አበባ ምን እንደሚበቅል ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። «ፎቅ ነው የሚበቅለው በላቸው» አልኩት። ተረጎመላቸው፣ ሳቁ፣ ገብተን ቡና እንድንጠጣ ለመኑን።

ቡናው እስኪደርስ ልጁ ወደ ጓሮው ጥግ ወሰደኝና በእግሩ እየለካ አሳየኝ። ሦስት ወንድሞች ናቸው። ለእሱ የምትደርሰው ከዚያ ዋንዛ እስከዚህ ድረስ ያለችው ናት። እሷን ጫት ሊተክልባት ያስባል፤ አባቱ አልወደዱለትም። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ። እኔም ስለ አፈሩ፣ ስለ ጎርፉ፣ አንዴ ከተነቀለ ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የማውቀውን ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። የተማረ ልጅ ነው፤ የነገርኩትን ሁሉ ከእኔ በፊት ያውቀው እንደነበር ያስታውቃል።

«እሺ፣ አልነቅለውም እንበል» አለኝ። «በየዓመቱ ትመጣላችሁ?»

አባትየው ከውስጥ ቡናው እንደደረሰ ተጣሩ።