የባዶ ሕንፃ ጥበቃና የኃይል ልክ

ተከራዮቹ የለቀቁት የንግድ ሕንፃ ከሰው ቢራቆትም ከሌባ ዓይን አያመልጥም። ሸቀጡ ወጥቶ ሲያልቅ ሕንፃው ራሱ ሸቀጥ ይሆናል፤ የመዳብ ሽቦው ከግድግዳ ይመዘዛል፣ የአልሙኒየም መስኮቱ ይነቀላል፣ ቧንቧና የእጅ መታጠቢያው ተፈትቶ ይሄዳል። ሰው ባለበት ቤት ወዲያው የሚታይ የውሃ ፍሳሽ ደግሞ እዚህ ኮርኒሱን እስኪያወርድ ድረስ የሚያየው የለም። ስለዚህ አስተዋይ ባለንብረት ውሃውን ከዋናው ይዘጋል፣ ከማንቂያ ደወሉና ከመብራቱ በስተቀር ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፣ የምድር ቤቱን መስኮቶች በላሜራ ያሽጋል፣ በየጊዜው የሚዞርና የሚመዘግብ ሰው ይመድባል። በዚህ ሁሉ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሳው አጥሩን ዘሎ የገባ ሰው ሲኖር ነው። ማንም የማይኖርበትን ግድግዳ ለመጠበቅ በሰው አካል ላይ እስከ ምን ድረስ ኃይል መጠቀም ይፈቀዳል?

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 የሰፈረው ሕግ ሌሊት ቤት ሲሰብር ተመትቶ የሞተ ሌባ የደም ዕዳ እንደማያስከትል፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን እንደሚያስከትል ይደነግጋል። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ፣ ሳንሄድሪን በተባለው ክፍል፣ የፈቃዱን ምክንያት መርምረዋል። በእነርሱ አስተያየት ማንም ሰው ንብረቱ ዓይኑ እያየ ሲወሰድ ዝም አይልም፤ ሌባውም ይህን ስለሚያውቅ፣ ቢቃወመኝ እገድለዋለሁ ብሎ ቆርጦ ይመጣል። እንግዲህ ፈቃዱ የተሰጠው ለሣጥኑ ሳይሆን ሣጥኑ አጠገብ ለተኛው ሰው ነፍስ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1689 ባሳተመው የመንግሥት አስተዳደር ድርሰቱ በሌላ መንገድ ሄዶ ከዚያው ይደርሳል፤ ሌባን መግደል የሚፈቀደው ሰውን በኃይል የያዘ ሰው ነፍሱንም እንደማይነጥቅ ዋስትና ስለሌለ ነው ይላል። ሁለቱም ምክንያቶች በቤቱ ውስጥ ሰው አለ ብለው ይነሳሉ። ባዶ ሕንፃ የሚሰብር ሌባ ግን ሕንፃውን የመረጠው ሰው ስለሌለበት ነው። ንብረቱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ የመግደሉ ፈቃድ የቆመበት መሬት ከሥሩ ይነሳል።

ይህ ነገር በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ በፍርድ ቤት ተፈትኗል። ብራይኒ የተባሉ ባልና ሚስት በውርስ ያገኙት የገበሬ ቤት ለዓመታት ሰው አልኖረበትም፤ በተደጋጋሚ ተሰብሮ ተዘርፏል። መስኮቶቹን በሳንቃ ዘጉ፣ መግባት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ሰቀሉ፤ አልረዳም። እ.ኤ.አ. በ1967 ባልየው አንድ ጠመንጃ ከመኝታ ክፍሉ የብረት አልጋ ጋር አሰረ፤ በሩ ሲከፈት እንዲተኩስም ከቃታው እስከ በሩ እጀታ ሽቦ ዘረጋ። መጀመሪያ አፈ ሙዙ ወደ ሆድ ያነጣጠረ ነበር፤ ሚስትየው ዝቅ አድርገው ስላለችው ወደ እግር አወረደው። ካትኮ የሚባል ሰው አሮጌ ጠርሙስና ማሰሮ ፍለጋ ገብቶ በሩን ሲከፍት ቀኝ እግሩ ተመታ፤ 40 ቀን ሆስፒታል ተኛ። ሌብነቱን አምኖ ቢቀጣም፣ ከስሶ 20,000 ዶላር ካሳና 10,000 ዶላር የቅጣት ካሳ ተፈረደለት። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1971 ፍርዱን አጸና። ውሳኔው ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ ሌባ እንዴት ባለቤቱን ይከስሳል ተባለ። ቁጣው የሚገባ ነው፤ ግን ከአንድ ነገር ጋር አይጋፈጥም። ባለቤቱ እዚያው ቢሆን ኖሮ፣ ጠርሙስ ለሚወስድ ሰው እግር መተኮስ አይፈቀድለትም ነበር፤ ራሱ ያልተፈቀደለትን ደግሞ ለሽቦ ሊያወርስ አይችልም።

በአጥርና በወጥመድ መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። አጥር፣ ከላዩ የተዘረጋ ሹል ሽቦም ቢሆን፣ አስቀድሞ ይናገራል፤ የሚጎዳው እያየ የሚወጣበትን ነው። ወጥመድ ግን አይጠይቅም። ኳሱ የገባበት ልጅም፣ እሳት ሊያጠፋ የመጣ ሠራተኛም፣ ከዝናብ የተጠለለ መንገደኛም ለእርሱ አንድ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1148 ይዞታውን የሚነጥቀውን ሰው በኃይል መመለስ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ኃይሉ ሁኔታው ከሚጠይቀው እንዳያልፍ ያስጠነቅቃል። ልኩን ለመመዘን የሚያይና የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል።

ሕንፃው ባዶ መሆኑስ ራሱ ጥፋት ነው? ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በሰበከው ስብከት የተቆለፈውን ትርፍ የችግረኛው ድርሻ አድርጎ ቆጥሮታል። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስም በጽኑ ችግር የተያዘ ሰው የሚያድነውን ቢወስድ ሌባ አይባልም ብሏል። መዳብ ነቅሎ ለመሸጥ የገባውን ግን ሁለቱም አያድኑትም፤ ክርክራቸው ከውርጭ ሸሽቶ ደረጃው ሥር የሚተኛውን የሚመለከት ነው። ታልሙድ ከዚህም ጠበቅ ያለ ጥያቄ ያነሳል። በሌላ ሰው ባዶ ግቢ ሳያስፈቅድ የኖረ ሰው ኪራይ ይከፍላል ወይ? ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ አይከፍልም ብለዋል፤ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ሰው የማይኖርበት ቤት ፈጥኖ ይፈርሳል የሚል ነው። በኔዘርላንድ ባለሕንፃዎች ይህን ሐሳብ ሥራ ላይ አውለውታል፤ ባዶ ቢሮዎችን በርካሽ እያስኖሩ ነዋሪውን ጠባቂ ያደርጉታል። ባዶ ሕንፃ ያለፈቃድ መያዝ እዚያ በወንጀል የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

በአዲስ አበባ የተለመደው ግን ዘበኛው ነው። በበሩ አጠገብ የቆርቆሮ መጠለያ፣ ጋቢ፣ ዱላ፣ የእጅ ባትሪ፣ ከሰል የያዘ ማንደጃ። እርሱ ሲመጣ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል፤ ሕንፃው ከእንግዲህ ባዶ አይደለምና ዘበኛው ራሱን የመከላከል ሙሉ መብት አለው። አሠሪው ነፍስ ያልነበረበት ቦታ ነፍስ አስገብቷል፤ ለሽቦ ብለህ ሙት ሊለው ግን አይችልም። ከዘበኛው የሚጠበቀው ነቅቶ ማየት፣ መጮህ፣ ደውሎ ሰው መጥራት ነው።

ንብረት ጎድሎ ሲገኝ ከደመወዙ ይቆረጥ ወይ የሚለው ክርክርም አሮጌ ነው። የአይሁድ ሕግ መድበል የሆነው ሚሽና በክፍያ የሚጠብቅ ሰው የተሰረቀውን እንዲተካ ያዛል፤ መሬትን ግን ከዚህ ሕግ ያወጣል። አይሁዳዊው ሊቅ ማይሞኒደስ በበኩሉ መሬትም ቢሆን ጠባቂው ቸል ብሎ ያጠፋውን ይከፍላል ባይ ነው። ቸልታ የሚባለው ምን እንደሆነ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት ጥቂት ያሸለበ ጠባቂ የታልሙዱ ሊቅ ራባ እንደሚለው ዕዳ የለበትም፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው ሌላው ሰው ከሚጠብቀው አብልጦ እንዲጠብቅ ነው ይላሉ።