የሚጠወልግ ሸቀጥና የነገ ሐሳብ

የአበባ ንግድን ከሌላው ንግድ የሚለየው ሸቀጡ በእጅ ላይ እያለ የሚያልቅ መሆኑ ነው። ጤፍ ጎተራ ውስጥ ይቆያል፤ ጨርቅ መደርደሪያ ላይ ዓመት ቢከርም ገዥ አያጣም። የተቆረጠ ጽጌረዳ ግን ከእናት ግንዱ ከተለየባት ደቂቃ ጀምሮ ቀኑ የተቆጠረ ነው። ዘንጉ ሲቆረጥ አየር ይገባና ውኃ የሚወጣበትን ቀጭን መንገድ ይዘጋዋል። ስለዚህ ሻጩ ዘንጉን ውኃ ውስጥ እንደነከረ በስለታም ቢላ ሰያፍ አድርጎ እንደገና ይቆርጠዋል፤ ውኃ የሚነኩትን ቅጠሎች ያራግፋል፤ ውኃውን ቶሎ ቶሎ ይለውጣል። ሙዝ ካለበትም ያርቀዋል፤ የሚበስል ፍሬ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ አበባን ያስረጃልና። ይህ ሁሉ ልፋት የሚያስገኘው የጥቂት ቀን ዕድሜ ነው።

የጀማሪ አበባ ሻጭ ጭንቀት ከዚህ ይነሣል። ብዙ ቢያመጣ ይጠወልግበታል፤ ጥቂት ቢያመጣ ደንበኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። የሠርግ ሥራ ሲይዝ ደግሞ ስሕተቱን የሚያርምበት ሁለተኛ ቀን የለውም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የአውሮፓን ገበያ ሲዘጋ በኢትዮጵያና በኬንያ ትልልቅ እርሻዎች ሳይቀሩ የደረሰ አበባ ቆርጠው ጥለዋል። ማቀዝቀዣና ሒሳብ ሠራተኛ ያለው እርሻ ያልቻለውን አንድ ጀማሪ ባይችል የስንፍና ምልክት አይደለም።

በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ጉንደ ወይን ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል። በዚህ አገር አበባ ከጥንት ጀምሮ የሚለቀም እንጂ የሚገዛ ነገር አይደለም። መስከረም ሲጠባ የእርሻው ዳር ሁሉ አደይ ይለብሳል፤ ለዘመን መለወጫ ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ፤ ለመስቀል ደመራው በአደይ አበባ ያጌጣል። እንግዲህ በዚህ መካከል አበባ በብር ልሽጥ ብሎ የሚነሣ ሰው ከኪሳራ ፍርሃት በፊት የሚያገኘው እፍረትን ነው፤ ፈጣሪ በነጻ ያበቀለውን በዋጋ መስጠት የተገባ ነውን? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም መልስ አለው። የሚሸጠው የአበባው ውበት ሳይሆን የሰው ድካም ነው፤ መንገዱ፣ ጥበቃው፣ አቆራረጡ፣ ጉንጉኑ። ቀጤማ ተሸክማ ገበያ የምትወጣ ሴት የምትቀበለው የሣሩን ሳይሆን የሸክሟን ዋጋ እንደሆነ ማንም ያውቃል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ስለ ነገ መጨነቅ የእምነት ጉድለት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ክርስቶስ ስለ ኑሮ እንዳይጨነቁ ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው የሜዳ አበባን ነው። ምሳሌው ለአበባ ሻጭ ጆሮ እንደ ወቀሳ ሊሰማ ይችላል፤ አበባው አይፈትልም፣ እርሱ ግን ሌሊት ሳይቀር ሲጎነጉን ያድራል። ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው ትምህርት ይህን ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ የተከለከለው ጭንቀት እንጂ ሥራ አይደለም፤ አትዝሩ አልተባለም። ልዩነቱ በሥራው ብዛት ሳይሆን ሐሳቡ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ትጋት የዛሬውን ዘንግ ይቆርጣል፤ ጭንቀት ገና ያልመጣውን ደንበኛ ሲቆጥር ያመሻል። ቢሆንም የቤት ኪራይ ላለበት ሰው አትጨነቅ ብቻ ብሎ ማለፍ ጭካኔ ነው። ቃሉ ከባልንጀራ እጅ ጋር ሲመጣ ነው ቃል የሚሆነው፤ ዕቁብም፣ ማኅበርም፣ ችግርን ሰምቶ የሚመክር የነፍስ አባትም የዚያ እጅ መልኮች ናቸው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አበባን ከምቾት ጋር አላያያዘችውም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ወርኃ ጽጌ ይባላሉ፤ የሚታሰበውም የእመቤታችን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ ነው። ብዙዎች በፈቃዳቸው ይጾሙታል። በአባ ጽጌ ድንግልና በአባ ገብረ ማርያም እንደተደረሰ የሚታወቀው ማሕሌተ ጽጌ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ሌሊቱን ሲቆም ያድራል፤ ልጁ በአበባ፣ እናቱ አበባውን ባስገኘች ተክል ይመሰላሉ። ሜዳው ከሁሉ አምሮ በሚታይበት ወር የምትታሰበው ሕፃን አቅፋ በባዕድ መንገድ የምትሄድ እናት ናት። ለጀማሪው ይህ ትልቅ ነገር ይነግራል። ውበትና ስጋት በአንድ ወቅት አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ መጣ ማለት ሌላው ሐሰት ነው ማለት አይደለም።

ጎጃም የሚጠፋ ሥራን በሙሉ ልብ መሥራትንም ያውቅበታል። በዋሸራ፣ በዲማና በጎንጅ ስመ ጥር የሆነው የቅኔ ትምህርት በዚህ ላይ የቆመ ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ያሰበውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱ ሌላ አዲስ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ አይወደድም። ስንት ሌሊት የተደከመበት ቅኔ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያልፋል፤ ባለቅኔው ግን ከሰረ አይባልም። አበባ ሻጭም የጠወለገውን ሲጥል ከዚህ ተማሪ የራቀ አይደለም። ሠርገኛው ፊት ለአንድ ቀን የቆመው ጉንጉን ዓላማውን ፈጽሟል። በጃፓንም ኪዮቶ በሚገኘው ሮካኩዶ የተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ለመሠዊያ አበባ ከማቅረብ ልማድ ኢኬባና የሚባለው የአበባ አደራደር ጥበብ አድጓል፤ በዚያ ጥበብም አላፊነት ከውበቱ የማይለይ ነው።

ጭንቀት በሐሳብ ብቻ አይወጣም፤ እጅም ድርሻ አለው። በገዳማውያን አባቶች ዜና ውስጥ አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ታክቶትና ልቡ ጨልሞበት ምን ላድርግ ብሎ እንደጠየቀ ይተረካል። ያን ጊዜ እንደ እርሱ ያለ ሰው አየ፤ ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፤ ይነሣል፣ ይጸልያል፤ ደግሞ ተቀምጦ ይጎነጉናል። ያየው መልአክ ነበር። እንጦንስም እንዲሁ አድርጎ ከጭንቀቱ ዳነ። ታሪኩ ጭንቀቱን አልካደም፣ እንጦንስንም አልነቀፈም፤ የሰጠው ሥርዓት ነው፤ ሥራው የሚቋረጥበት ሰዓት፣ ጸሎቱም ወደ ሥራ የሚመለስበት።

ሥራውን የማቋረጡ ነገር ለአበባ ሻጭ በተለይ ያስቸግራል። የጎጃም ገበሬ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ29 በዓለ ወልድን አክብሮ ሞፈር አይጨብጥም፤ እሑድንም ያርፋል። የአበባ ገበያ የሚደራው ግን ሰው ሁሉ በሚያርፍበት ቀን ነው። በዓል ለማክበር የሚሻ ሻጭ ሥራውን በዋዜማው ጨርሶ ማስረከብ ይችላል፤ ያ በማይሆንበት ቀን ደግሞ በሌላ ቀን ዕረፍት መተካት ይገባዋል፤ አለዚያ የሌሎችን ደስታ ሲያስጌጥ የራሱ ሰባት ቀን ያለ ዕረፍት ያልፋል።

ዓመቱም የራሱ ዕረፍት አለው። ኅዳር 6 ቁስቋም ካለፈ በኋላ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ሠርግም ይቆማል። ጥር ላይ ጥምቀት ካለፈ ሠርጉ ይጎርፋል፤ ከዚያ የዓቢይ ጾም 55 ቀናት ተከትለው እስከ ፋሲካ ድረስ እንደገና ጸጥ ይላል። ጀማሪው ይህን ባለማወቅ የኅዳርን ዝምታ የውድቀት ምልክት አድርጎ ሊያየው ይችላል። የሚያውቀው ግን በጾሙ ወራት የተቆረጠ አበባ ማምጣቱን ቀንሶ ችግኝ ያፈላል፣ ቢላውን ይስላል፤ የዕቁብ ዕጣው የጥር ገበያ ሳይከፈት እንዲደርሰው ከአባላቱ ጋር ቀድሞ ይነጋገራል።