የሾላው ፍሬና መጻተኛዋ እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ተሳላሚዎች ሆይ፥ የፔታህ ቲክቫ ስም «የተስፋ በር» ማለት ነው፤ ከትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 2 የተወሰደ ነው። መሥራቾቿ በኢያሪኮ አጠገብ፥ በአኮር ሸለቆ ሊሰፍሩ አስበው ነበር። ምድሩ ቢከለከላቸው እ.ኤ.አ. በ1878 ስሙን ይዘው ወደዚህ መጡ።

በዚህች ከተማ በሰው ቤት እየሠራች ልጅ የምታሳድግ እናት «ቅዳሴው ራቀኝ፥ በዓሉ አለፈኝ» ብላ ታዝናለች። ኀዘኗ ቀላል አይደለም። ቢሆንም በዕረፍቷ ቀን ልጇን ይዛ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ወደ አንቲጳጥሪስ ትሂድ። ወታደሮች ቅዱስ ጳውሎስን በሌሊት ያደረሱት በዚያ ነው (ሐዋ. 23፥31)። ስፍራው አፌቅ በተባለበት ዘመንም ፍልስጥኤማውያን ሰፍረውበት ነበር፤ በዚያ ጦርነት ታቦተ ሕጉ ተማረከች (1ሳሙ. 4)። ታቦት በሚከበርበት አገር ያደገች እናት ይህን ከስፍራው ቆማ ለልጇ ብትተርክ፥ ከእርሷ የሚሻል መምህር ከወዴት ይገኛል?

ሾላ በምድሪቱ ቆላ እንደሚበዛ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። የአገሯ ዛፍ ነው፤ ዘኬዎስ የወጣበት፥ ነቢዩ አሞጽም ፍሬውን የለቀመው። በመንገድ ዳር የወደቀውን ስትለቅም አትፈር። ሕገ ኦሪት የወደቀውን ፍሬ ለድሀና ለመጻተኛ ትቶታልና (ዘሌ. 19፥10)፤ መጻተኛዋም እርሷ ናት። በሰው አጥር ውስጥ ያለውን ግን ሳታስፈቅድ አትንካ።

እናንተም ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስትወርዱ ከተማይቱ ቅርብ ናት። በዚያ እኅት ካለቻችሁ፥ ከዴር ሱልጣን የያዛችሁትን ጧፍ አድርሱላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።