ሰይፍ አደራ ነው

ምእመናን ሆይ፤ በጦር ሜዳ ድል ያደረገ ሰው ስለ ድሉ ከላኪው ቃል የመውጣት መብት ያገኛልን?

ሚያዝያ 3 ቀን 1943 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተርን ከጦር አዛዥነታቸው ሻሯቸው። ማክአርተር በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በኢንቾን ጦር አውርደው የኮርያን ጦርነት መልክ የለወጡ ጀግና ነበሩ፤ ትሩማን ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፈኛ ሻምበል ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ጦርነቱ ወደ ቻይና እንዳይዛመት ሲጠነቀቁ፣ ጄኔራሉ ቻይናን በምድሯ መምታት ይገባል ይሉ ነበር። የአደባባይ ቃል ሁሉ አስቀድሞ ለዋሽንግተን እንዲቀርብ ታዝዞ ሳለ፣ የመንግሥታቸውን አሳብ የሚነቅፍ ደብዳቤያቸው በምክር ቤት ተነበበ።

ጄኔራሉ አሳባቸውን ለአለቃቸው ማቅረባቸው ነውር አልነበረም። ምክራቸው ካልተሰማ በኋላ በአደባባይ መሟገታቸው ግን አደራን እንደ ራስ ገንዘብ መቍጠር ነው። የጄኔራሉ ምክር የሚሻል ቢሆንስ ቢሉ፦ ኃጢአት እንዲሠራ የታዘዘ ሰው እንቢ ማለት ይገባዋል፤ በምክር የተለየ ሰው ግን ወይ ይታዘዝ፣ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ እንላለን። በወንጌል የተመሰገነው መቶ አለቃም ጭፍሮቹን ሲያዝዝ ራሱ ከሥልጣን በታች መሆኑን አልዘነጋም።

የጽሩያ ልጅ ኢዮአብ ለዳዊት ብዙ ድል አድርጎ ነበር፤ ነገር ግን ለአቤሴሎም እንዲራራ ታዝዞ ሳለ ገደለው። ዳዊት በእርሱ ፈንታ አሜሳይን ቢሾም፣ ኢዮአብ የሚስመው መስሎ ተተኪውን ወጋው። ማክአርተር ግን ሕዝብ እየጮኸላቸው ሳለ ሥልጣናቸውን ለጄኔራል ሪጅዌይ አስረክበው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በዚህም ይመሰገናሉ። የእኛም የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በዚያው ዓመት ኮርያ ሲደርስ የበላይ አዛዡ ሪጅዌይ ነበሩ።

ሻሪውም ወገን ከነቀፋ አላመለጠም። ጄኔራሉ መሻራቸውን የሰሙት ትእዛዙ በእጃቸው ሳይደርስ በራዲዮ ወሬ ነበርና። ሰሎሞን ካህኑን አብያታርን ሲሽር፣ ታቦቱን መሸከሙንና የአባቱን መከራ መካፈሉን ፊት ለፊት አንሥቶለታል። ፍርድ ቅን ቢሆንም እንኳ የአገልጋይን ክብር መጠበቅ ይገባዋል።

ይህ ነገር ለወታደር ብቻ የተነገረ አይደለም። ደብር የምናስተዳድር፣ ጉባኤ የምንዘረጋ፣ ቤተሰብ የምንመራ ሁላችን አደራ ተቀባዮች ነን። የምንሽር ብንሆን ያለ ንቀት፣ የምንሻር ብንሆን ያለ ቂም እንድናደርገው እግዚአብሔር ልቡናውን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።