ባለቅኔውና የተተከለው ደን

ስለ ገጠር የሚቀኝ ባለቅኔ ባለዕዳነቱ ለውበት ብቻ ነውን? ወይስ ለእውነትም ጭምር? በአዊ ምድር ይህን ጥያቄ የሚያከብደው የአገሩ ውበት ራሱ ነው። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው የዘንገና ሐይቅ፣ የቀርከሃው ጥሻ፣ በማለዳ ከጋራው የሚወርደው ጉም ብዕር የያዘውን ሁሉ ሳያስጨንቁ ያስገጥማሉ። ሳይጨነቁ የገጠሙት ግጥም ግን ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቁ የገጠሙት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መንገደኛ ባለቅኔ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ሲያልፍ ኮረብታው በጥቅጥቅ ደን ተሸፍኖ ያያል። ወዲያውም «ጥንታዊ»፣ «ድንግል»፣ «ዘለዓለማዊ» የሚሉ ቃላት ይደረደሩለታል። ዛፉ ግን ዲከረንስ ነው፤ የመጣውም ከአውስትራሊያ ነው። ገበሬው በማሳው ተክሎ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስለዋል፤ መሬቱንም መልሶ ያርሰዋል። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ በገባበት ጊዜም የደረቀው የኮረብታው ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የቤተሰብ ቀለብ ጭምር እንጂ።

«ግጥም የግብርና ሪፖርት አይደለም፤ ስሜቱ እውነት ከሆነ ይበቃል» የሚሉ አሉ። አባባላቸው በከፊል ትክክል ነው፤ አለማወቅ ውሸት አይደለምና። ነገር ግን ደኑን አድንቆ ተካዩን የረሳ ስሜት የሌላውን ሰው ድካም ለተፈጥሮ አሳልፎ ሰጥቷል። ይህ ጉድለት የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፤ የጥበብም ነው። ለመቃጠል የሚያድግ ደን፣ ነዶ በከተማ ምድጃ ላይ ጀበና የሚያፈላ ኮረብታ፣ ከአመዱ በኋላ እንደገና የሚዘራ ማሳ፣ ይህን ከመሰለ ሰምና ወርቅ «ድንግል ደን» የሚለው ሐረግ ምንኛ ይደኸያል!

በታሪክም ረገድ ነገሩ ያው ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ የፈረሱ ጌጥና ግልቢያ ዐይን ይማርካል። በዓሉ ግን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱ ሰዎችና ፈረሶች መታሰቢያም ነው። ጌጡን ብቻ የገጠመ ሰው ከመታሰቢያው መታሰቢያነቱን አጉድሏል። ሽማግሌው ያንን ትዝታ የሚያወጋው በአገውኛ መሆኑንም አንዘንጋ። በአማርኛ የሚገጥመው ባለቅኔ እንግዳ ነው፤ የእንግዳ ወጉም ከመናገሩ በፊት ማዳመጥ ነው።

እንግዲህ ለገጠሩ ሊቀኝ የሚነሣ ከያኒም ሆነ ተማሪዎቹን ግጥም የሚያስጽፍ መምህር፣ ከስንኙ በፊት አንዲት ጥያቄ ያስቀድም፦ «ይህን ማን ተከለው?» መልሱን ከገበሬው አፍ ሰምቶ የሚጽፈው ግጥም ምናልባት ለስላሳ አይሆን ይሆናል። ሆኖም ግጥሙ ለተካዩ በተነበበለት ቀን፣ ገበሬው የገዛ እጁን ያውቅበታል።