የሕፃኑ መልስና የሕፃኑ አሳብ

አንድ ሕፃን ለቀረበለት የሒሳብ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ከሰጠ ዐውቋል ልንለው ይገባልን? ጥያቄው ለፈላስፎች የተተወ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ በኢንተርኔት ፕሮግራም እናስተምር ወይስ አናስተምር የሚለው ክርክር ሁሉ መመለሻው ወደዚሁ ነው። ፕሮግራሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው መልሱን ነውና።

አሳቡ ዕድሜ አለው። የሐርቫርዱ ስኪነር የማስተማሪያ መሣሪያውን ያሳየው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1960ዎቹም የስታንፎርዱ ፓትሪክ ሰፒስ ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ጋር በስልክ ሽቦ በተያያዘ መጻፊያ መሣሪያ ሕፃናትን የቁጥር ልምምድ አሠርቷል። በ2008 የተመሠረተው ካን አካዳሚም የእነዚህ ዘመድ ነው። ጥቅሙን አንክድም። ፕሮግራም አይታክትም፣ አይቆጣም፣ መቶ ጊዜ የተሳሳተውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አያሳፍርም፤ የማባዛትን ሠንጠረዥ በአለንጋ ፍርሃት ያጠናን ሰዎች ይህን እንደ ቀላል ነገር ልንቈጥረው አይገባንም።

ይህም ሲሆን፣ ስታንሊ ኧርልዋንገር የተባለ ተመራማሪ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ያሳስበናል። በአሜሪካ አገር የሚገኝ፣ ጥናቱ ቤኒ እያለ የሚጠራው የ12 ዓመት ልጅ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን የሚማረው እያንዳንዱ ተማሪ በየራሱ ፍጥነት በሚሠራበት የተዘጋጀ ፕሮግራም ነበር። ከመቶ 80 ያገኘ ያልፋል፤ ቤኒም ያልፍ ነበር፤ መምህሩም ከጎበዞቹ ይቈጥረው ነበር። ተመራማሪው ግን አጠገቡ ተቀምጦ «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ ሌላ ዓለም ተገለጠ። ልጁ 2/10ን 1.2 ይለዋል፤ ይኸውም 2ንና 10ን ደምሮ 12 ካገኘ በኋላ ነጥብ ስለሚያስገባበት ነው። 0.3ንና 0.4ን ሲደምር 0.07 ያገኛል፤ ነጥቦቹ ሁለት ናቸውና ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ መኖር አለበት ይላል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ «ስሕተት ነው» መባሉ አለማረሙ ነው። መልሱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ በመልስ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በሌላ መልክ ስለ ሆነ ብቻ የተጣለበት ይመስለው ነበር፤ ስለዚህ ሒሳብ ለእርሱ ማሰብ ሳይሆን የሚፈለገውን መልክ ማደን ሆነ።

የቤኒ ፕሮግራም በወረቀት የተዘጋጀ ነበር፤ ያሁኖቹም ከዚያ የረቀቁ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የአሠራሩን ደረጃ በደረጃ ይጠይቃሉ። ቢሆንም ትክክለኛ መልስ በተሳሳተ መንገድ ሊደረስበት መቻሉ አልቀረም። የፊደል የኔታ ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ ሀ ሁ ሂን በዜማ ያወረደውን ልጅ ወዲያው አያመሰግኑትም፤ ከመካከል አንዲቱን ጠቁመው «ይህች ማን ናት?» ይሉታል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ፕሮግራሙ ያለማምድ፤ ይረም፤ ነጥብም ይያዝ። «ይህ ልጅ ዐውቋልና ይለፍ» የሚለው ፍርድ ግን ልጁን ጠይቆ የሰማ ሰው ፍርድ ሊሆን ይገባዋል። አሳቡን አንድም ሰው ሳይሰማው ከክፍል ወደ ክፍል የሚያልፍ ሕፃን፣ ነጥቡ ምንም ያህል ቢያምር፣ ብቻውን የተተወ ነው። መተዉም የሚታወቀው ዘግይቶ፣ ክፍልፋይ የአልጀብራ መሠረት በሚሆንበት ጊዜ ነው።

የተማሪው ብዛት ለዚህ አይፈቅድም የሚሉ መምህራን አሉ፤ ችግራቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ ደብተር የማረሙን ድካም ካቀለለላቸው፣ የተረፈው ሰዓት በምን እንደሚውል መጠየቅ የትምህርት ሹማምንት ፋንታ ነው። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል መምህሩ በቀን 12ቱን እያስቀረበ እያንዳንዱን ለሁለት ደቂቃ «እንዴት አገኘኸው?» ቢለው፣ 24 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በአምስት ቀንም ሁሉንም ያዳርሳል።