«ዘሩ ምንድን ነው?»



ለኒካሕ ሽማግሌ ተልኳል እንበል። ልጁ ሶላቱን የሚጠብቅ፣ አኽላቁ ያማረ፣ ሠርቶ አዳሪ ነው። ሁሉም ከተስማማ በኋላ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ዘሩ ምንድን ነው?» በወለጋችን «የጡምቱ ልጅ ነው፣ የቀጥቃጭ» ከተባለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። «ደሙ ሌላ ነው» ይባላል።

እውን ደሙ ሌላ ነው?

በደቡብ ኦሞ፣ በአሪ ሕዝብ ውስጥም ገበሬውና ብረት ቀጥቃጩ አይጋቡም ነበር። ዲኤንኤያቸው ሲመረመር ልዩነት ተገኘ። አንዳንዶች ምንጫቸው ለየቅል ነው አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የታተመ ጥናት ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ እንደወጡ፣ የተለያዩትም ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ እንደሆነ አሳየ። ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርስ ብቻ ስለተጋቡ ነው የተለዩት። አስተውሉ! ልዩነቱን የወለደው መናቃችን ነው።

እርግጥ ነው፣ በዲኤንኤ ጎረቤት ለጎረቤት ይቀራረባል፤ ባሕርና በረሃ የለያቸው ይራራቃሉ። ቢሆንም ከየትኛውም የዓለም ጫፍ የመጡ ሁለት ሰዎች 99.9 ከመቶ ያህል አንድ ናቸው። ከቀረችው ጥቂት ልዩነትም 85 ከመቶ የሚሆነው እዚያው በአንድ ሕዝብ ውስጥ የሚገኝ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ አደምን ከመላው ምድር ከተዘገነ አፈር እንደፈጠረው፣ የልጆቹም መልክ እንደየአፈሩ እንደተለያየ ነግረውናል። ሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 13 ደግሞ ጎሳ የተደረግነው ልንተዋወቅ መሆኑን፣ ክብርም በተቅዋ መሆኑን ያስተምረናል።

ደግሞስ አላህ ብረትን ያለዘበው ለማን ነበር? ለነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ)! በእጃቸው ጥሩር ይሠሩ ነበር። ነቢይ የሠሩበትን ሙያ እኛ በምን አፋችን እንንቀዋለን?

ዛሬ መስጂድ ውስጥ የጡምቱው ልጅ ትከሻ ከትከሻችሁ ጋር ይገጥማል። ሰፍ ላይ ወንድም ያልነውን በር ላይ ባዕድ አናድርገው። ቤት ውስጥ «ዘሩስ?» ሲባል፣ ወላጆቻችሁን ሳታስቀይሙ በለዘበ ቃል «ዲኑስ? አኽላቁስ?» በሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ አግቢ እንድናይ ያዘዙን እነዚህን ሁለቱን ነው።

አላህ ልባችንን ከዘር ኩራት ያጥራልን። አሚን።